በማያውቁት ትልቅ ከተማ ጥቂት ቀን ሲያገኙ፦ በሰፈርና በሰዓት ከፋፍሎ የመጎብኘት ዝርዝር መመሪያ

ከጥቂት ዓመታት በፊት በማላውቀው ትልቅ ከተማ አራት ቀን አገኘሁ። ስልኬ ላይ ሃያ ሁለት ቦታ ጽፌ ነበር የሄድኩት። በመጀመሪያው ቀን ከሰሜን ጫፍ ወደ ደቡብ፣ ከደቡብ ወደ መሀል፣ ከምሳ በኋላ ደግሞ ተመልሼ ወደ ሰሜን ስመላለስ ዋልኩ። ማታ ጋደም ብዬ ቀኑን ሳሰላው ባቡር ውስጥና ወረፋ ላይ ያለፈው ሰዓት አንድ ነገር ቆሜ ካየሁበት ሰዓት ይበልጣል። በማግስቱ ከሁሉም አስበልጬ የጓጓሁለት ሙዚየም ደጃፍ ስደርስ በሩ ተዘግቷል፤ በሳምንት አንዴ የሚያርፍበት ቀን ነበር። በሦስተኛው ቀን ዝርዝሩን ተውኩትና አንድ ሰፈር መርጬ ከጠዋት እስከ ማታ እዚያው ዋልኩ። ዛሬ ሰው ስለዚያ ከተማ ሲጠይቀኝ የማወራው ስለዚያች አንዲት ቀን ነው።

ከዚያ ወዲህ ቦታዎችን በዝናቸው መደርደር ትቻለሁ። ከተማውን በሰፈርና በሰዓት እከፍለዋለሁ፦ የትኛው ከየትኛው ጋር በእግር ይገናኛል፣ የትኛው ጠዋት ይሻላል፣ የትኛውስ ለምሽት ይቆያል። ከዚህ በታች ያለው ይኸው አካሄድ በቅደም ተከተል ነው። ምሳሌዎቹን ብዙ ጎብኚ ከሚሄድባቸው ከተሞች ወስጃለሁ፤ ዘዴው ግን የትም ይሠራል። ሰዓቱን በእኛ አቆጣጠር፣ ዓመቱን በአውሮፓውያን አቆጣጠር ጽፌያለሁ።

1. አስቀድሞ ካልተያዘ የማይገኘውን ይለዩ

ይህ ሥራ ከጉዞው ስምንት ሳምንት ያህል ቀደም ብሎ ቢጀመር ጥሩ ነው። በየከተማው በዕለቱ ሄደው የማይገቡባቸው ጥቂት ቦታዎች አሉ። አምስተርዳም የሚገኘው የአን ፍራንክ ቤት ትኬት የሚሸጠው በኢንተርኔት ብቻ ነው፤ በየሳምንቱ ማክሰኞ ከስድስት ሳምንት በኋላ ላለው ሳምንት ይለቀቃል፣ ቶሎም ያልቃል። በርሊን ውስጥ በጀርመን ፓርላማ ሕንፃ አናት ላይ ያለው የመስታወት ጉልላት መግቢያው ነፃ ቢሆንም አስቀድሞ ስም ማስመዝገብ ይጠይቃል። የሮማው ኮሎሲየምና የባርሴሎናው ሳግራዳ ፋሚሊያ ደግሞ የመግቢያ ሰዓት ቆርጠው ነው የሚሸጡት።

ስለዚህ ሊያዩት ከሚፈልጉት ሁሉ መጀመሪያ «ይህ ቢቀርብኝ ይቆጨኛል» የሚሉትን ሁለት ወይም ሦስት ቦታ ይምረጡና ትኬታቸውን ይግዙ። የሚገዙበት ድረ ገጽ የራሱ የቦታው መሆኑን ያረጋግጡ። የቦታውን ስም ኢንተርኔት ላይ ሲፈልጉ ከላይ የሚመጡት ብዙ ጊዜ ማስታወቂያ የከፈሉ አትራፊ ሻጮች ናቸው፤ ያንኑ ትኬት ጨምረው ይሸጡልዎታል። ትኬቱ ላይ ስም የሚጻፍ ከሆነ ከፓስፖርትዎ ጋር በፊደል ሳይቀር መመሳሰል አለበት።

እዚህ ላይ ሁለት ነገር አደራ እላለሁ። የመጀመሪያው፣ በአንድ ቀን ውስጥ ሰዓት የተቆረጠለት ትኬት ከአንድ በላይ አይግዙ። ሁለት ከሆኑ የመጀመሪያውን ቦታ ዓይንዎን ሰዓት ላይ ተክለው ነው የሚያዩት፤ ጥሩ ነገር ቢያገኙ እንኳ ቆም ማለት አይችሉም። ሁለተኛው፣ ሰዓቱን ወዲያውኑ በእኛ አቆጣጠር ቀይረው ይጻፉት። 15:00 የሚል ትኬት ከቀኑ 9 ሰዓት ነው፣ 9:00 የሚለው ደግሞ ከጠዋቱ 3 ሰዓት። ደክሞት ከአውሮፕላን የወረደ ሰው ይህንን በቀላሉ ያምታታዋል።

2. የትኛው በየትኛው ቀን እንደሚዘጋ በወረቀት ያስፍሩ

ይህ አሥር ደቂቃ የማይፈጅ ሥራ ነው፣ ግን ያልሠራው ሰው አንድ ሙሉ ግማሽ ቀን ያጣል። ፓሪስ ውስጥ ሉቭር ማክሰኞ ይዘጋል፣ ከወንዙ ማዶ ያለው ኦርሴ ሙዚየም ደግሞ ሰኞ። ኢስታንቡል ውስጥ የቶፕካፒ ቤተ መንግሥት ማክሰኞ፣ ታላቁ የተሸፈነ ገበያ እሑድ አይከፈቱም። የቫቲካን ሙዚየሞች እሑድ ዝግ ናቸው፤ ከወሩ የመጨረሻ እሑድ በስተቀር። በዚያች እሑድ መግቢያው በነፃ ስለሆነ ወረፋው ግንቡን ዞሮ ይሄዳል፤ ጊዜዎ አጭር ከሆነ ያቺን ቀን እንዲሸሹ እመክራለሁ።

በወረቀቱ ራስጌ የሚቆዩባቸውን ቀናት፣ በጎን ቦታዎቹን ይጻፉና ዝግ የሆነውን ሁሉ ይሰርዙ። ከመዝጊያ ሰዓት ይልቅ «የመጨረሻ መግቢያ» የሚለውን ያንብቡ፤ ብዙ ቦታዎች በር ከመዝጋታቸው ከግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ቀድመው ሰው ማስገባት ያቆማሉ። የሚሄዱበት ሳምንት የአገሩ በዓል የሚውልበት መሆን አለመሆኑንም ይዩ።

መረጃው ያረጀ እንዳይሆን ደግሞ ይጠንቀቁ። በሮም ለዘመናት በነፃ ይገባበት የነበረው ፓንቴኦን ከ2023 ጀምሮ ያስከፍላል። የቶኪዮ ዝነኛ የዓሣ ጨረታ ከጹኪጂ ወደ ቶዮሱ የተዛወረው በ2018 ነው፤ በቀድሞው ቦታ የቀሩት በዙሪያው ያሉት ሱቆች ናቸው። በካይሮ የቱታንክሃሙንን ሀብት ለማየት ሰው ለብዙ ዘመን ይጎርፍ የነበረው በታህሪር አደባባይ ወደሚገኘውና በ1902 ወደተከፈተው ሙዚየም ነበር፤ አሁን መሄጃው በ2025 በይፋ ወደተመረቀው፣ ከጊዛ ፒራሚዶች አጠገብ ወዳለው ታላቁ የግብፅ ሙዚየም ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት ደግሞ ቀንዎን የሚያቃውስ ነው። የአምስት ዓመት ዕድሜ ያለው ምክር፣ የወዳጅም ቢሆን፣ እንደገና ይጣራ።

3. ካርታው ላይ ነጥብ ያስቀምጡና ክምችቱን ይፈልጉ

አሁን ስልክዎ ላይ ያለውን የካርታ መተግበሪያ ይክፈቱ። ሊያዩ የሚፈልጉትን ሁሉ፣ ትልቁንም ትንሹንም፣ ነጥብ እያደረጉ ያስቀምጡ። ሙዚየም ብቻ አይሁን፤ የሰሙት ዳቦ ቤት፣ የወደዱት ድልድይ፣ አንድ መጻሕፍት ቤት ሁሉ ይግባ። ከዚያ ካርታውን ራቅ አድርገው ይመልከቱት። ነጥቦቹ እኩል ተበትነው አያገኟቸውም፤ እዚህ አምስት፣ እዚያ ሰባት ሆነው ተከማችተዋል። እያንዳንዱ ክምችት አንድ ቀን ወይም ግማሽ ቀን ነው።

ምን ያህል ርቀት «አንድ ሰፈር» ይባላል? እኔ የምጠቀምበት መለኪያ ሃያ ደቂቃ ነው። ሰው እያየ ሲራመድ በሃያ ደቂቃ አንድ ኪሎ ሜትር ተኩል ገደማ ይሄዳል። ከአንዱ ነጥብ ወደሚቀጥለው ከዚያ በላይ የሚያስኬድ ከሆነ ለሌላ ቀን ይቆይ። ለምሳሌ በፓሪስ ከሉቭር ወጥቶ የቱይልሪን የአትክልት ስፍራ ማቋረጥ፣ ድልድዩን ተሻግሮ ኦርሴ መድረስ ሁሉ በእግር የሚያልቅ የአንድ ቀን መንገድ ነው። ሞንማርትር ግን በሰሜን በኩል ኮረብታ ላይ ነው፤ ከዚህ ቀን ጋር ቢያጣብቁት ሁለቱንም ያበላሻሉ።

የምድር ውስጥ ባቡር ካርታን ለርቀት አይመኑት። የለንደኑን ካርታ በ1933 በታተመው መልኩ የነደፈው ሃሪ ቤክ የኤሌክትሪክ መስመር ሥዕል የሚሠራ ባለሙያ ነበር፤ መስመሮቹን ቀጥ አድርጎ ጣቢያዎቹን በእኩል ርቀት የደረደራቸው ሰው ባቡር የሚቀይርበትን ጣቢያ እንዲያውቅበት ብሎ እንጂ ርቀቱን ለማሳየት አልነበረም። የዓለም ከተሞች አብዛኞቹ ያንን ዘዴ ወርሰዋል። በዚያ ካርታ ላይ እንደማንኛውም ሁለት ጣቢያ ተራርቀው የሚታዩት ሌስተር ስኩዌርና ኮቨንት ጋርደን በመሬት ላይ 260 ሜትር ያህል ብቻ ነው የሚራራቁት። ደረጃ ወርደው፣ ባቡር ጠብቀው፣ ተመልሰው እስኪወጡ በእግር የሄደው ሰው ቀድሞዎት ቡና አዟል።

ከየትኛውም ክምችት ውጭ ብቻቸውን የቀሩ ነጥቦች ይኖራሉ። ለእያንዳንዳቸው «ለዚህ ስል ግማሽ ቀን እሰጣለሁ?» ብለው ይጠይቁ። መልሱ አዎ ካልሆነ ይሰርዟቸው፣ ሳይራሩ።

ማረፊያዎንም የሚመርጡት ከዚህ በኋላ ቢሆን ይሻላል። በታዋቂው ሐውልት ሥር ያለ ሆቴል ውድ ነው፣ ሌሊቱም ጫጫታ ነው። ከመሀሉ ሁለት ወይም ሦስት ጣቢያ ወጣ ያለ፣ ክምችቶችዎን በሚያገናኘው መስመር ላይ ያለና ከጣቢያው ጥቂት ደቂቃ በእግር የሚያስኬድ ቤት ይፈልጉ።

4. እያንዳንዱን ቦታ ከሰዓቱ ጋር ያጋቡት

አብዛኛው መመሪያ የት እንደሚሄዱ ይነግርዎታል፤ መቼ የሚለውን ይዘለዋል። ለእኔ ግን የአንድ ቦታ ግማሽ ውበቱ ሰዓቱ ነው።

ሳግራዳ ፋሚሊያን እንውሰድ። ግንባታው በ1882 የተጀመረው ይህ ቤተ ክርስቲያን በምሥራቅ በኩል ያሉት መስኮቶቹ ሰማያዊና አረንጓዴ፣ በምዕራብ በኩል ያሉት ብርቱካናማና ቀይ መስታወት አላቸው። ጠዋት የገባ ሰው ውኃ ውስጥ የቆመ ይመስለዋል፤ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ የገባ ደግሞ ምሰሶዎቹ እንደ ፍም ቀልተው ያገኛቸዋል። እኩለ ቀን ላይ የገባ ሁለቱም ያመልጡታል። ትኬቱ የሚሸጠው በሰዓት ተቆርጦ ስለሆነ ይህንን ሳያውቁ መግዛት ያሳዝናል።

ከፍታ ላይ ወጥቶ ከተማን ማየት የሚያምረው ፀሐይ ከመጥለቋ አንድ ሰዓት ያህል ቀደም ብሎ ነው። በአንድ ክፍያ ቀኑንም፣ ጀምበሯንም፣ መብራቱንም ያያሉ። የጀምበር መጥለቂያውን ትክክለኛ ሰዓት ስልክዎ ላይ ያለው የአየር ሁኔታ ገጽ ይነግርዎታል። እዚህ ላይ አንድ ነገር ያስቡ፦ የከተማው ምልክት የሆነው ሕንፃ ላይ ከወጡ ያንን ሕንፃ ራሱን አያዩትም። ኤፍል ማማ ላይ ቆመው የሚያዩት ፓሪስ ኤፍል ማማ የሌለበት ፓሪስ ነው። 284 ደረጃ ወጥተው አርክ ደ ትሪዮምፍ የተባለው የድል ቅስት አናት ላይ ቢቆሙ ግን ማማውን ፊት ለፊት ያገኙታል። ኒው ዮርክም እንደዚያው ነው፤ ኤምፓየር ስቴትን ማየት የሚፈልግ ሰው ሮክፌለር ሴንተር ላይ ይወጣል፣ ዞር ሲልም በሌላ አቅጣጫ ሴንትራል ፓርክ ከሥሩ ተዘርግቶ ይታየዋል።

ትልልቅ ሙዚየሞች በሕዝብ የሚጨናነቁት ከጠዋቱ 4 ሰዓት ተኩል እስከ ቀኑ 9 ሰዓት ነው። ወይ በር ሲከፈት ይግቡ፣ ወይ ወደ ማታ ይሂዱ። ሉቭር ረቡዕና ዓርብ፣ ብሪቲሽ ሙዚየም ደግሞ ዓርብ አምሽተው ይዘጋሉ። የማድሪዱ ፕራዶ በየቀኑ የመጨረሻዎቹን ሁለት ሰዓታት በነፃ ያስገባል፤ ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ከምሽቱ 12 እስከ 2 ሰዓት፣ እሑድ ከ11 እስከ 1 ሰዓት ማለት ነው። ወረፋ አለው፣ ነገር ግን ፕራዶን በሁለት ምሽት ከፋፍሎ በነፃ ማየት በአንድ ቀን ሙሉ ከመድከም ይሻላል ባይ ነኝ።

ገበያ ደግሞ የጠዋት ነገር ነው። ረፈድ ሲል የሚገኘው የጎብኚ ገበያ ነው፤ ሰፈርተኛው ሸምቶ ወደ ቤቱ ገብቷል። እኩለ ቀን ላይ፣ በተለይ ሙቀት በሚበዛበት አገር፣ ጥላ ያለበትንና ምድር ቤት ውስጥ ያለውን ነገር ያስቀምጡ።

5. ሙዚየም ውስጥ ሲገቡ

ሰው ከሙዚየም ጉልበቱ ዝሎ፣ ራሱን አሞት፣ ያየውን ረስቶ ይወጣና ጥፋቱን የራሱ ያደርገዋል፤ «እኔ ለሥነ ጥበብ አልተፈጠርኩም» ይላል። ይህ እውነት አይደለም። ድካሙ ከመቶ ዓመት በፊት የተጠና ነገር ነው፦ በቦስተን የሥነ ጥበብ ሙዚየም ይሠራ የነበረው ቤንጃሚን አይቭስ ጊልማን በ1916 «የሙዚየም ድካም» በሚል ርዕስ ጽፎበታል። አንድ ሰው ዕቃዎቹንና መግለጫዎቻቸውን ለማየት እንዴት እንደሚያጎነብስ፣ እንደሚንጠራራና እንደሚንበረከክ በፎቶግራፍ አስነስቶ፣ ችግሩ አቀማመጡ ላይ መሆኑን አሳይቷል።

ብዛቱም የሰው አቅም አይችለውም። ሉቭር 35,000 የሚያህሉ ሥራዎችን ለዕይታ አቅርቧል። ለእያንዳንዱ አሥር ሰከንድ ብቻ ቢሰጡ 97 ሰዓት ይፈጃል፤ ሳይተኙ ሳይበሉ አራት ቀን። ስለዚህ ሁሉን ማየት የሚባል ነገር እንደሌለ ከበሩ ላይ ይቀበሉትና እንዲህ ያድርጉ።

ከመግባትዎ በፊት የሙዚየሙን የወለል ካርታ አይተው ሦስት ክፍል ይምረጡ። ከሦስቱ አንዱ ስለ እሱ ምንም የማያውቁት ይሁን። ትልቅ ቦርሳዎንና ካፖርትዎን ማስቀመጫ ክፍል ያስረክቡ፤ ሁለት ኪሎ ሸክም ከሁለት ሰዓት በኋላ ሌላ ነው። ከበሩ በጣም ርቆ ወዳለው ክፍል ቀድመው ይሂዱ፤ ሰው ሁሉ ከመግቢያው አጠገብ ስለሚጀምር ሩቁ ክፍል ጠዋት ባዶ ነው። በየክፍሉ መጀመሪያ በፍጥነት አንድ ጊዜ ይዙሩ፣ ምንም ሳያነቡ። ከዚያ የያዘዎት አንድ ሥራ ፊት ተመልሰው አምስት ደቂቃ ይቁሙ፤ ወንበር ካለ ይቀመጡ። አምስት ደቂቃ ረጅም ነው፤ ከሦስተኛው ደቂቃ በኋላ ነው ሠዓሊው ብርሃኑን ከየት እንዳመጣው፣ ከኋላ የቆመችው ሴት ወዴት እንደምታይ የሚገለጥልዎት። መግለጫውን የሚያነቡት ከዚህ በኋላ ነው። ሁለት ሰዓት ሲሞላ፣ ባይደክምዎትም እንኳ፣ ይውጡ።

ሞና ሊዛን ማየት የሚፈልግ ሰው አይሄድ አልልም። በር ሲከፈት በቀጥታ እሷ ጋ ይሂድ ወይም ለመዝጊያው ሰዓት ያቆያት፤ በመሀሉ ያለው የሰው ራስ ብቻ ነው።

የለንደኑ ብሪቲሽ ሙዚየምና በዋሽንግተን ያሉት የስሚዝሶኒያን ሙዚየሞች መግቢያቸው ነፃ ነው። እንዲህ ባሉ ቦታዎች ደስ የሚለኝ አንድ ሰዓት ብቻ አይቶ መውጣት፣ በማግስቱም ሲያልፉ እንደገና ጎራ ማለት ነው።

6. የሕዝብ ትራንስፖርቱን ራሱን ጉብኝት ያድርጉት

ከተማው በውኃ ዳር ከሆነ ነዋሪው የሚሳፈርበትን ጀልባ ይፈልጉ። ለጎብኚ ተብሎ ከተዘጋጀው ዋጋው የዚያ ጥቂት እጅ ነው፣ እይታው ግን ያው ነው።

በኒው ዮርክ ከማንሃታን ወደ ስታተን ደሴት የሚሄደው ጀልባ ከ1997 ጀምሮ ክፍያ የለውም፣ ሌሊትና ቀን ይሠራል፣ መንገዱም 25 ደቂቃ ገደማ ነው። የነፃነት ሐውልትን ለማየት ሲሄዱ በስተቀኝ በኩል ይቁሙ። ማዶ ሲደርሱ ሁሉም ሰው የመውረድ ግዴታ አለበት፤ በጣቢያው ዞረው የሚቀጥለውን ይሳፈራሉ። ሆንግ ኮንግ ውስጥ የስታር ጀልባዎች በቪክቶሪያ ወሽመጥ ላይ ሲያሻግሩ ሁለቱም ዳር የቆሙት ሕንፃዎች ማታ መብራታቸው ውኃው ላይ ይወርዳል። ኢስታንቡል ላይ ደግሞ በሃያ ደቂቃ ከአውሮፓ እስያ ይገባሉ።

ውኃ የሌለው ከተማ ባቡር አለው። የቶኪዮ ያማኖቴ መስመር 34.5 ኪሎ ሜትር ዙሪያውን ዞሮ በ30 ጣቢያ አልፎ አንድ ሰዓት ገደማ ውስጥ ወደ ጀመረበት ይመለሳል። በመጀመሪያው ቀን ገና እንቅልፍ ሳይለቅዎት መስኮት ዳር ተቀምጠው አንድ ዙር ቢዞሩ ከተማው በአእምሮዎ ውስጥ ቅርጽ ይይዛል። በለንደን ይህንን የሚሠራው ባለ ሁለት ፎቅ አውቶቡስ ነው፤ ከላይ፣ ከፊት ወንበር።

የትራንስፖርት ካርድ ገና ከመጀመሪያው ጣቢያ ይግዙ። እንደ ለንደንና ኒው ዮርክ ባሉ ከተሞች የባንክ ካርድ በመንካት ብቻ መሄድ ስለሚቻል ለብቻው መግዛት አያስፈልግም፤ ግን ሁልጊዜ ያንኑ አንድ ካርድ ይጠቀሙ፣ ከእሱ በላይ የማይከፍሉት የሒሳብ ጣሪያ የሚታሰበው በካርዱ ነውና።

7. በአንድ ክፍያ ብዙ ቦታ የሚያስገባ ካርድ

በብዙ ከተሞች ይሸጣል። ሒሳቡ ቀላል ነው፦ ካርዱ ባይኖር በእርግጥ ይገቡባቸው የነበሩትን ቦታዎች ብቻ ዋጋ ይደምሩ። ድምሩ ከካርዱ የሚበልጥ ከሆነ ይግዙ። «ካርዱ ስላለኝ» ብለው የሚጨምሯቸውን አይቁጠሩ። በቀን ከሁለት በላይ ቦታ መግባት የሚያስገድድዎት ካርድ ርካሽ ቢሆንም ይቅርብዎት።

8. ባዶ ሰዓት ይተዉ

በየቀኑ ቢያንስ ሁለት ሰዓት ምንም ያልተጻፈበት ይሁን። ይህን ስል ሰው ጊዜ ማባከን ይመስለዋል። ከተማው ግን እንደ ከተማ የሚገለጠው በዚያ ሰዓት ነው፤ ልጆች ከትምህርት ቤት ሲወጡ፣ ሽማግሌዎች መናፈሻ ወንበር ላይ ሲከራከሩ፣ ባለ ሱቅ በሩን ሲጠርግ።

መናፈሻ የሚገባውን ክብር አላገኘም እላለሁ። ሴንትራል ፓርክ 341 ሄክታር ነው። በ1858 የመናፈሻውን የንድፍ ውድድር ያሸነፉት ፍሬድሪክ ሎው ኦልምስቴድና ካልቨርት ቮክስ አንድ ከባድ ጥያቄ ነበረባቸው፦ ከተማው ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ መተላለፊያ ይፈልጋል፣ መናፈሻው ግን ሠረገላ ሲያቋርጠው ሰላሙን ያጣል። አራቱን ማቋረጫ መንገዶች ከመሬት ዝቅ አድርገው ቆፈሯቸውና በላያቸው ድልድይ አድርገው ተክል አለበሷቸው። ዛሬም መኪናው ከሥር እያለፈ ከላይ የሚሄደው ሰው ብዙም አይታወቀውም። ይህን አውቆ የሚራመድ ሰው በየድልድዩ ላይ ቆም ብሎ ወደ ታች ያያል።

መካነ መቃብርም እንዲሁ። የፓሪሱ ፔር ላሼዝ በ1804 የተከፈተ፣ 44 ሄክታር የሚሸፍን፣ ዛፍና ጸጥታ የሞላበት ቦታ ነው። ድምፅን ዝቅ አድርጎ፣ ቀብር ላይ ያሉ ሰዎችን ፎቶ ሳያነሱ መሄድ ያስፈልጋል።

ልጆች ወይም አረጋውያን አብረውዎት ካሉ ይህ ባዶ ሰዓት ወደ ሦስትና አራት ሰዓት ከፍ ይበል፤ ጠዋት አንድ ነገር፣ ከሰዓት አንድ ነገር ይበቃል። ዝናብ ቢመጣ የሚገቡበት፣ ትኬት የማይጠይቅ አንድ ቤት፣ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍትም ቢሆን፣ በየሰፈሩ አስቀድመው ምልክት ያድርጉ።

9. ምሽት

ቴአትርና ሙዚቃ ውድ ነው ብሎ የሚተው ሰው ብዙ ነው፤ ግን መግቢያ ቀዳዳው አለ። የቪየና ኦፔራ ቤት ከ400 በላይ የቁም ቦታ አለው፤ ለዕለቱ በጣም በረከሰ ዋጋ ይሸጣል። ቦታውን ያገኘ ሰው ከፊቱ ባለው ብረት ላይ ሻርፕ አስሮ ምልክት ያደርጋል፣ ማንም አይነካበትም። ለንደን ውስጥ ከጁላይ አጋማሽ እስከ ሴፕቴምበር አጋማሽ ባለው የፕሮምስ የሙዚቃ ወቅት ሮያል አልበርት አዳራሽ ለቁም አድማጮች የዕለት ትኬት ይሸጣል። በኒው ዮርክ ታይምስ ስኩዌር ላይ ከ1973 ጀምሮ ያለው ቀይ ደረጃ ያለበት መሸጫ የዚያኑ ዕለት የብሮድዌይ ትኬቶችን በቅናሽ ያቀርባል።

ከመግባትዎ በፊት የመጨረሻው ባቡር ስንት ሰዓት እንደሆነ ይዩ። ቶኪዮ ውስጥ ባቡሩ ከእኩለ ሌሊት ብዙም ሳይቆይ ያቆማል።

10. መታለልና መሰረቅ

ባንኮክ ከታላቁ ቤተ መንግሥት አጠገብ ጨዋ ለብሶ በትሕትና «ዛሬ ዝግ ነው» የሚልዎት ሰው ካጋጠመዎት አመስግነው እስከ በሩ ይሂዱ፤ ባለ ሦስት እግር ተሽከርካሪ ላይ አሳፍሮ ወደ ጌጣጌጥ ሱቅ ሊወስድዎት ነው። በሞንማርትር ደረጃ ላይ ደግሞ እጅዎ ላይ ክር አሥረው ክፍያ የሚጠይቁ አሉ፤ እጅዎን ኪስ ከትተው፣ ሳይቆሙ ይለፉ። ኪስ አውላቂ የሚሠራው የባቡር በር ሊዘጋ ሲል፣ ተንቀሳቃሽ ደረጃ ላይና ሰው ሁሉ ቀና ብሎ በሚያይበት ቦታ ነው። ስልክዎን ጠረጴዛ ጠርዝ ላይ አያስቀምጡ።

የአምልኮ ቦታ ከሚሄዱበት ቀን ትከሻና ጉልበት የሚሸፍን ልብስ ይልበሱ። የቅዱስ ጴጥሮስ ባዚሊካ በር ላይ በዚህ ምክንያት የሚመለስ ሰው ብዙ ነው።

11. ሁሉንም አንድ ላይ ስናደርገው፦ በኢስታንቡል አንድ ቀን

ቀኑ ረቡዕ ይሁን፤ ማክሰኞ ቶፕካፒ ዝግ ነው፣ ዓርብ ቀትር ላይ መስጊዶቹ በሰጋጅ ይሞላሉ። ከጠዋቱ 3 ሰዓት፣ በሩ ሲከፈት፣ ቶፕካፒ ይግቡ። ወደ ውስጠኛው ግቢ ቀድመው ይሂዱ፤ አውሮፓንና እስያን የሚለየውን የቦስፎረስ የባሕር መተላለፊያ ከላይ የሚያዩበት በረንዳ እዚያ ነው። ከእኩለ ቀን በፊት ይውጡና በእግር ጥቂት ደቂቃ ሄደው በስድስተኛው ምዕት ዓመት በዩስቲንያኖስ ዘመን ወደተሠራው የምድር ውስጥ የውኃ ማጠራቀሚያ ይውረዱ። 336 ምሰሶዎች አሉት፣ ቀዝቃዛ ነው፣ ሙቀቱን የሚያሳልፉበት ከዚህ የተሻለ ቦታ የለም። ጥግ ላይ ካሉት ምሰሶዎች ሥር አንዱ ተገልብጦ፣ ሌላው በጎኑ የተቀመጠ የሜዱሳ ራስ ያገኛሉ።

ከምሳ በኋላ በሶላት ሰዓቶች መካከል ያለውን ጊዜ ጠብቀው ሰማያዊ መስጊድን፣ ከፊቱ ደግሞ በ537 የተመረቀችውን ሃጊያ ሶፊያን ይዩ። ሃጊያ ሶፊያ ከ2020 ጀምሮ እንደገና መስጊድ ናት፤ የውጭ ጎብኚ ከ2024 ወዲህ የሚገባው ትኬት ገዝቶ ወደ ላይኛው ሰገነት ነው። ጥንታዊዎቹ የሞዛይክ ሥዕሎች ያሉት እዚያ ስለሆነ ጉዳት የለውም። ሴቶች የራስ መሸፈኛ ይያዙ።

ከቀኑ 10 ሰዓት ገደማ ሁለት ሰዓት ነፃ ነዎት። ቁልቁለቱን በእግር ወደ ኤሚኖኑ ወደብ ይውረዱ፣ መንገድ ላይ የፈለጉበት ይቁሙ። ጀምበር ልትጠልቅ አንድ ሰዓት ሲቀራት ወደ ኡስኩዳር ወይም ወደ ካዲኮይ የሚሻገረውን የሕዝብ ጀልባ ይሳፈሩ። እስያ ዳር ወርደው ሻይ ይጠጡ እንጂ አይቆዩ። የሚያምረው መመለሻው ነው፦ ፀሐይ የምትጠልቀው በአሮጌው ከተማ ጀርባ ስለሆነ ጉልላቶቹና ሚናሬቶቹ ጠቁረው ቀይ ሰማይ ላይ ይቆማሉ። ከውስጥ አይቀመጡ፤ ከፊት ለፊት በኩል ውጭ ይቁሙ፣ ነፋሱ ቀዝቃዛ ስለሆነም ጃኬትዎን ጠዋት ሲወጡ ቦርሳ ውስጥ ይክተቱ።